የሳንባ ምች ጥናት በደሴ፦ ወደኋላ መጠየቅ ወይስ ወደፊት መከታተል?

የማድ ቤት ጭስ የደሴን ሕፃናት ለሳንባ ምች ያጋልጣል ወይ ብሎ የሚነሳ ተመራማሪ ሁለት መንገድ አለው።

ኬዝ ኮንትሮል የታመሙትንና በዕድሜ የሚመስሏቸውን ጤነኞች ይዞ እናቶችን ወደኋላ ይጠይቃል፦ «እንጀራ ስትጋግሪ ልጁን አዝለሽው ነበር?» በጥቂት ወራት ያልቃል፣ ወጪውም ቀላል ነው። ጣጣው ትውስታ ነው። ልጇ ኦክስጅን ላይ ያለ እናት ያለፈውን ሁሉ ስትፈትሽ ታድራለች፤ ጤነኛ ልጇን ለክትባት ያመጣችው ግን «ኧረ እኔ እንጃ» ብላ ታልፋለች። በዚህ የተነሳ ጭሱ ከልኩ በላይ ጥፋተኛ ሊመስል ይችላል።

ኮሆርት ጤነኞቹን መዝግቦ ወደፊት ይከተላል። ጭሱ ሕመሙን መቅደሙ ይታወቃል፤ ነገር ግን ገንዘብ ይበላል፣ ቤተሰብም ኮምቦልቻ ሥራ አግኝቶ ይወርዳል። መውረዱ ራሱ ልኬት ያዛባል፦ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ስለሆኑ የደም ኦክስጅን መጠን እኩል አይነበብም።

የሳንባ ምች ምልክት የሆነው ፈጣን ትንፋሽ የሚለይበት ቆጠራ ለሁለቱም መንገዶች ያው ነው፦ ከ2 እስከ 11 ወር በደቂቃ 50፣ ከ12 እስከ 59 ወር 40 ከደረሰ ፈጣን ይባላል።

ለማስተርስ ተማሪ ኬዝ ኮንትሮልን እመርጣለሁ፤ ጠያቂው ግን የትኛው ልጅ ታማሚ እንደሆነ ባያውቅ ይሻላል።