ስራናንና ሳራማካን፦ የአንድ አገር ሁለት ክሪዮሎች

ሁለቱም የደቡብ አሜሪካዋ አገር የሱሪናም ክሪዮሎች ናቸው፣ ማለትም ከተለያዩ ቋንቋዎች ቅልቅል የተወለዱ ቋንቋዎች፤ ሁለቱም ባሮች ይሠሩበት ከነበረው እርሻ ወጡ። ስራናን የዋና ከተማዋ የፓራማሪቦ መግባቢያ ነው፤ ቃሉ በብዛት እንግሊዝኛ፣ ደችም ጣል ጣል ያለበት።

ሳራማካን ግን ጫካ ገባ። ከእርሻ ያመለጡ ሰዎች ይዘውት ወንዙን ሽቅብ ወጡ፤ በ1762 እ.ኤ.አ. አገሩን ይገዙ ከነበሩት ደቾች ጋር የሰላም ውል ተፈራረሙ። ፖርቱጋልኛው እሱ ላይ ይበዛል። ሴት በስራናን «ኡማ» ናት፣ ከእንግሊዝኛው «ውማን»። ሳራማካን «ሙዬ» ይላታል፤ የፖርቱጋሎቹ «ሙልዬር» መሆኗ ነው። መግደል በስራናን «ኪሪ»፣ በሳራማካን «ኪኢ»። «ር»ዋን ዋጥ!

በሳራማካን የድምፅ ከፍታና ዝቅታም ትርጉም ይለያል፣ እንደ ምዕራብ አፍሪካው የፎን ቋንቋ። እኛ «አለ»ን አጥብቀንና አላልተን እንደምንለየው ዓይነት ነገር። ለመማር ስራናን ሳይቀል አይቀርም፤ እኔን የሚስበኝ ግን ሳራማካን ነው።