«ኦሪጅናል ብራስ» የተባለው ኒፕል

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው የምኖረው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ሌሊት። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የውሃ ድምፅ ስሰማ መጀመሪያ ደስ ነበር ያለኝ። ተነስቼ ስሄድ ኩሽናው ኩሬ ሆኗል። ወለሉ ላይ ያስቀመጥኩት የጤፍ ዱቄት ከነከረጢቱ ርሷል።

ያፈሰሰው ከቆጣሪ ወደ ሮቶ በሚወጣው መስመር ላይ ያለው የግማሽ ኢንች ኒፕል ነው፤ ሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለው አጭር ማያያዣ። ገና አራት ወሩ! ከሱ በፊት የነበረውን አባቴ ነው ያስገጠመው፤ ስንት ዓመት አገልግሎ ነው የተቀየረው። እሱም ቢሆን መጨረሻ ላይ ሮዝ መስሎ ነበር። ብራስ መዳብና ዚንክ ነው፤ ዚንኩን ውሃ ቀስ በቀስ ሲበላው መዳቡ ብቻውን ወንፊት መስሎ ይቀራል፣ ይደክማል። ግን ያ እርጅና ነው።

ጠዋት የሰፈራችን ቧንቧ ሠሪ መጡ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። መፍቻውን ገና ሲያዞሩት ኒፕሉ ለሁለት ተሰበረ። ግማሹ እጃቸው ላይ፣ ግማሹ ኤልቦው (መታጠፊያው) ውስጥ። ስብራቱን ወደ መስኮት አቅርቤ አየሁት። ላዩ ወርቅ የመሰለው ነገር ውስጡ ግራጫ ነው፣ እንደ ደረቅ ጨው ፍርፍር ይላል። ብራስ ቢሆን ውስጡም ቢጫ ነበር።

የገዛሁበት ሱቅ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ልጁ ትሁት ነው፣ ይህን አልክድም። ሲሸጥልኝ «እህቴ፣ ኦሪጅናል ብራስ፣ የጣሊያን» ብሎኛል። ስብራቱን ሳሳየው ደግሞ «ቧንቧ ሠሪሽ አጥብቆት ነው» አለ። እውነት ለመናገር ጋሼ ሲያጠብቁ አይሳሱም፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ትክክለኛው ብራስም ይሰነጠቃል። ግን ማጥበቅ የብረቱን ቀለም አይቀይርም! ይህን ስለው ዝም አለ። ብሩን አልመለሰም፣ ሌላ ኒፕል ሰጠኝ።

አዲሱን ቤት ወስጄ የፍሪጅ ማግኔት ሞከርኩበት። አልያዘውም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ማግኔት የሚያጋልጠው ቢጫ የተቀባ ብረትን ብቻ ነው። ቢጫ የተለበጠ ዚንክም እንደ ብራስ አይሳብም። ከዚያ ከአባቴ ኒፕል ጋር በሁለት እጄ ያዝኳቸው። መጠናቸው አንድ ነው፣ አዲሱ ግን ቀለለኝ። ዚንክ ከብራስ በስድስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይቀላል። በምስማር ጫፍ ስጭረው ነጭ መስመር ወጣ።

በማግስቱ ሌላ ሱቅ ሄድኩ። እዚያ ያለው ኒፕል ላይ ሲደብሊው 617 ኤን የሚል ተቀርጿል፤ አውሮፓ ውስጥ ለቧንቧ ዕቃ የሚሠራበት የብራስ ዓይነት መለያ ነው። ቁጥር ማንም ይቀርጻል ብዬ «ልጫረው?» አልኩ። የመጀመሪያውን ሱቅ ልጅ ይህንኑ ስጠይቀው «ጭረሽው ማን ይገዛኛል?» ነበር ያለኝ። እኚህ ሰውዬ ምንም ሳይሉ ከባንኮኒው ሥር ሞረድ አውጥተው ሰጡኝ። ሞረድኩት፤ ቢጫ ነው። ትንሽ ጠልቄ ሞረድኩት፤ አሁንም ቢጫ።

ዋጋው የመጀመሪያው እጥፍ ነው። ሞረዱ ግን ጥርሱ አልቋል። ስንት ሰው ሞርዶበት ይሆን?