ጅማ ላይ ሁለት ሌሊት፦ ጅሬን በጠዋት ነው የሚወጣው

ጅማን ብዙ ሰው የሚያውቃት በስብሰባ ነው። ለስልጠና ይሄዳል፣ ለምርቃት ይሄዳል፣ ለመስክ ሥራ ይሄዳል፤ አዳራሽ ውስጥ ይውልና በማግስቱ ይመለሳል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ለሥራ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አንድም ቀን ሳላይ ቀርቻለሁ፤ አሁን ሳስበው በጣም ይቆጨኛል። እና ቢሾፍቱና ሐዋሳ የሰለቻችሁ፣ ቅዳሜና እሁድን የት እናሳልፍ የምትሉ ካላችሁ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ከእናቴ ጋር ሄድን። እማዬ በወጣትነቷ ጅማ ሦስት ዓመት አስተምራለች፣ ከዚያ ወዲህ ግን ረግጣት አታውቅም። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው። እሱን መጠየቅም ነው፣ እሷን ማስታወስም ነው፣ ብለን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተነሳን።

የሄድነው በአውሮፕላን ነው፣ እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። መንገዱን ግን አውቀዋለሁ፤ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ በወሊሶና በወልቂጤ በኩል። ከወልቂጤ በኋላ ጊቤ በረሃ ቁልቁል ስትወርዱ ሙቀቱ መስኮቱን ዘልቆ ፊት ላይ ይመጣል፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ ዳገቱን ስትይዙት ደግሞ አየሩ ይለወጣል፣ ከሶኮሩ ወዲያ የግልገል ጊቤ ግድብ ያቆረው ውሃ ከሩቅ ያበራል። እሱ ግድብ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ለእኔ ግን ሁልጊዜ ‹‹ጅማ ደረስን›› የሚያሰኘኝ ምልክት ነው። በመኪና የምትሄዱ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሚመላለሱ ሾፌሮች ጠይቁ፣ በጠዋት ውጡ፣ ማታ አትንዱ።

የመጀመሪያው ሌሊት ተበላሸብን። መሃል ከተማ አንድ ትልቅ ሆቴል በስልክ ይዤ ነበር። ‹‹ሙቅ ውሃ አለ ወይ?›› ብዬ ሁለቴ ጠይቄያለሁ፤ ‹‹ሃያ አራት ሰዓት አለ እህቴ፣ አታስቢ›› ነበር መልሱ። ደረስን። ቧንቧውን ብከፍተው ትንሽ አሳለና ዝም አለ። ሙቁ ቀርቶ ቀዝቃዛውም የለም። ወርጄ ስናገር ልጁ ወደ እማዬ ዞሮ ‹‹ማዘር ይቅርታ፣ ጄሪካን ላምጣልዎት›› አለ። ልጁ ትሁት ነው፣ በእሱ አልተቆጣሁም፤ የተቆጣሁት ውሃ እንደሌለ እያወቀ ክፍል በሚሸጥ ሰው ነው። በዚያ ላይ ከሥር ባለው አዳራሽ ሠርግ ነበረ። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አልጋው ሳይቀር ከከበሮው ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር። ሠርገኛ ይደሰት፣ መብቱ ነው። ግን ከጉልበት ታማሚ ጋር እንደምመጣ ነግሬያቸው፣ ከአዳራሹ በላይ ባለው ክፍል ባያስተኙን ምን ነበር? የከፈልኩትን የሁለተኛ ሌሊት ገንዘብ ለማስመለስም ግማሽ ሰዓት ተከራክሬያለሁ። ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ጅማ ላይ የሁለት ቀን አልጋ ቀድማችሁ አትክፈሉ። የአንዱን ክፈሉ፣ ቧንቧውን ከፍታችሁ እዩ፣ ከዚያ ቀሪውን።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ መጥቶ ሻንጣችንን በባጃጅ ጫነና ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለች ትንሽ ፔንሲዮን አዛወረን። ክፍሎቿ ጥቂት ናቸው፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ምንጣፍ የለ፣ ቴሌቪዥኑም ትንሽ ነው። ግን አንሶላው ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። ባለቤቷ እማዬ ስታነክስ አይታ ሳንጠይቃት ምድር ቤቱን ክፍል ለቀቀችልን፣ ማታ ደግሞ ለጉልበቷ ብላ በባልዲ የሞቀ ውሃ ይዛ መጣች። ቁርስ ጨጨብሳ ነው፣ በቅቤና በጅማ ማር። ማሩ ከላይ ነጠብ ነጠብ የተደረገ እንዳይመስላችሁ፣ ጨጨብሳው ዋኝቶበታል። ለእኔ ከዚያ ትልቅ ሆቴል በሁለት እጥፍ ትበልጣለች፣ ዋጋዋ ግን ከግማሹ ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጅሬን።

ቤተ መንግሥቱ ከመሃል ከተማ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ነው። ባጃጅ ይወስዳችኋል፤ ዋጋውን መሄጃና መመለሻውን፣ መጠበቂያውንም ጨምራችሁ ሳትነሱ ቁረጡ። እኛ መሄጃውን ብቻ ተስማምተን ወጣን፣ መመለሻው ላይ ሹፌሩ እጥፍ ጠየቀ፣ ሌላ ባጃጅ ደግሞ እዚያ ላይ እንደ ልብ አይገኝም።

በጠዋት ውጡ የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ላይኛው ግቢ ደርሰን ቁልቁል ስናይ ከተማዋ የለችም። ነጭ ነገር ብቻ። ቀስ እያለ ሲገፈፍ መጀመሪያ የመስጊድ ሚናራ ጫፍ ወጣ፣ ቀጥሎ ባሕር ዛፍ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ከተማው በሙሉ በአረንጓዴ መሃል ተዘረጋ። እማዬ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ ‹‹እኔ የማስተምርበት በዚያ በኩል ነበር›› እያለች በጣቷ ትፈልጋለች። 4 ሰዓት አካባቢ እየወረድን ሳለ አንድ ሙሉ አውቶቡስ ሰው ሲወጣ ተገናኘን። እነሱ ጉሙን አላዩትም፣ በረንዳው ላይ ለመቆምም ወረፋ ይጠብቃቸዋል።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። ለአፄ ምኒልክ ገብረው፣ ግብር እየከፈሉ፣ ግዛታቸው በጦርነት ሳይፈርስ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆይተዋል፤ ራስ ገዝነቱ ያበቃው እሳቸው በሞቱበት ዓመት ነው። ይህን መጽሐፍ ላይ ማንበብ ሌላ፣ የእንጨቱ በረንዳ ላይ ቆሞ መስማት ሌላ። ቤቱ የእንጨት ሥራ ነው፤ ፎቁ፣ ደረጃው፣ የበረንዳው መደገፊያ። መደገፊያውን በእጄ ዳበስኩት፤ የስንቱ እጅ እንዳለፈበት እንጃ፣ ጠርዙ ልስልስ ብሏል። ግቢው ውስጥ ያለው መስጊድ ዛሬም ይሰገድበታል፣ ስለዚህ ልብሳችሁን አስተካክላችሁ ሂዱ፣ ሴቶች ሻሽ ያዙ።

ያስጎበኙን ሰውዬ በዕድሜ የገፉ ናቸው። እማዬ ገና ስታያቸው ‹‹አካም ቡልተኒ›› አለቻቸው። ከዚያ በኋላ እኔና ወንድሜ ተረሳን። ኦሮምኛዋ የተሰባበረ ነው፣ ግን ሰውዬው ፊታቸው በራ፤ ለሌላው የሚነግሩትን ለእሷ እያስረዘሙ፣ ደረጃ ላይ እጇን ይዘው እያወጡ አስጎበኙን። ስለ ንግዱ ሲያወሩ ቡናውን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱን ዘረዘሩ፤ የሄርማታ የሐሙስ ገበያ ከየአቅጣጫው ሲራራ ነጋዴ ይሰበስብ እንደነበር ተናገሩ። እማዬ ‹‹ባሪያስ አይሸጥም ነበር?›› አለቻቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ‹‹ይሸጥ ነበር እንጂ፣ ልጄ። ሄርማታ ላይ ሰውም ይሸጥ ነበር›› አሉና፣ ከዚያ ወዲያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላውንም ነገሩን። ይህን ስለነገሩን ነው አክብሮቴ የጨመረው። ቤተ መንግሥቱን የምታዩ ሰዎች፣ ውበቱን ብቻ አይታችሁ አትውረዱ፤ ጠይቁ። ሲጠየቁ የሚመልሱ ሰዎች አሉ።

ከተማው ውስጥ ያለውን ሙዚየም ከወረዳችሁ በኋላ እዩት፣ በፊት አይደለም። የንጉሡ ዙፋንና የቤት ዕቃ እዚያ አለ፤ ቤቱን ካያችሁ በኋላ እያንዳንዱ ዕቃ የት ሊቀመጥ እንደሚችል በዓይነ ሕሊናችሁ ትሥሉታላችሁ። አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ምሳ ፈረንጅ አራዳ በላን። ጥብሱ ደህና ነው፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ስፕሪሱ ግን ሌላ ነገር ነው! አቮካዶው ማንኪያ ያቆማል፣ ማንጎውም የጣሳ አይደለም። ወንድሜ ሁለት ጠጥቶ ሦስተኛ ሊያዝ ሲል እማዬ በዓይኗ መለሰችው።

ከሰዓት በኋላ በርጩማ ፍለጋ ሄድን። የጅማ በርጩማ ታውቁታላችሁ፤ ባለ ሦስት እግር፣ መቀመጫው ጎድጎድ ያለ። እማዬ ከጅማ ስትወጣ ይዛው የመጣችው አንድ ነበራት፣ ቤት ስንቀይር ጠፋ፣ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። የጅማው መርካቶ አካባቢ አንድ ጠራቢ ሱቅ ገባን። እዚህ ጋ ነው ምክሬን በደንብ እንድትሰሙኝ የምፈልገው፣ ምክንያቱም መንገድ ዳር የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እውነተኛው ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፤ እግሩ የተቀጠለ፣ የተቸነከረ አይደለም። ገልብጡትና ሥሩን እዩ። የእንጨቱ መስመር ከመቀመጫው ተነስቶ ሳይቋረጥ እግሩ ውስጥ ከገባ አንድ እንጨት ነው። ኮላ ወይም የሚስማር ራስ ካያችሁ ደግሞ ተዉት። ዋንዛ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቶሎ አይሰነጠቅም። ካልደረቀ እንጨት የተሠራውን በክብደቱ ትለዩታላችሁ፤ አዲስ አበባ ደርሶ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጠራቢው ወጣት ነው፣ እማዬ አንዱን ስትገለብጥ አይቶ ሳቀና ‹‹እናቴ እርስዎ ያውቁበታል›› ብሎ ከውስጥ ሌላ አወጣላት። እሱ ገና መጨረሻ ማለስለሻው ስለቀረው እሁድ እንድንመለስ ተቀጣጠርን። የጠየቀን ዋጋ አዲስ አበባ ፒያሳ ከሚጠየቀው ግማሽ ነው፤ አልተከራከርንም፣ ያሳፍራል።

እሁድ ወንድሜ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ማና ወረዳ ጓደኛው ቤተሰብ ጋ ወሰደን። የጅማ ሽርሽር በዚህ ወቅት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ቡናው የሚያድገው ከትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፣ ገብታችሁ ስትሄዱ ፀሐዩ በቀዳዳ በቀዳዳ ነው የሚወርደው። ግቢው ውስጥ ከመሬት ከፍ ብሎ በሽቦ ወንፊት የተሠራ አልጋ አለ፣ ቀዩ እሸት ቡና እዚያ ላይ ተሰጥቷል። የጓደኛው እናት በመዳፋቸው እየገለበጡ አረንጓዴውንና የጠቆረውን ይለቅማሉ። ለምን መሬት ላይ እንደማያሰጡት ስጠይቃቸው አንድ ፍሬ ቡና እጄ ላይ አድርገው ‹‹አሽትቺው›› አሉኝ። እንደ ደረቀ ፍራፍሬ ይሸታል። ‹‹መሬት ላይ ከደረቀ አፈር ነው የምትጠጪው፣ ልጄ።›› እንደ ፀሐዩ ሁኔታ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ይሆናል። የዚያን ቀን የጠጣነው ቡና ግን የአምናው ነበር፤ ሦስተኛውን ሳልጠጣ መነሳት አልቻልኩም፣ እሳቸውም የሚለቁኝ አይመስለኝም። እማዬ ‹‹ገላቶማ›› ብላ ስትነሳ አንድ ኪሎ ጀንፈል በፌስታል አስያዟት። ገንዘብ ብንሰጥ እንቢ አሉ።

የቀረብን ሦስት ነገር ነው። ጮጬን አላየንም፤ በአካባቢው ሰው ዘንድ ቡና መጀመሪያ የተገኘበት ነው የሚባለው ቦታ በጎማ ወረዳ በኩል ነው፣ ለብቻው ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ቦዬ ረግረግ ሄደን ወፍ ማየት አስበን ነበር፣ ሰዓት አጠረን። የሐሙሱ ገበያም አመለጠን። ስለዚህ ከቻላችሁ ረቡዕ ማታ ግቡና ሐሙስን ገበያ ዋሉ፤ ዓርብ ጠዋት ጅሬን ውጡ፣ እንደ ቅዳሜና እሁድ ሰው አይበዛም። ለሁለት ሌሊት ብቻ ከሆነ ደግሞ ጅሬንንና አንድ የቡና ግቢ ያዙ፣ ሌላውን ተዉት። ሁሉንም ካልነካሁ ያለ ሰው ሙሉ ቀን ባጃጅ ላይ ነው የሚውለው።

ከሰዓት በኋላ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድ ጠራቢው ጋ ጎራ አልን። በርጩማው አልቆ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይጠብቀናል። እማዬ ጋዜጣውን ፈታች፣ ገለበጠችው፣ ሥሩን አየች፣ እዚያው ሱቁ በር ላይ ተቀመጠችበት። ባጃጁ እየጠበቀን ነው፣ አልተነሳችም። ‹‹ትንሽ ቆዩ›› አለች።

በርጩማው አሁን ቤታችን ረከቦቱ አጠገብ ነው። እስካሁን አልተሰነጠቀም፣ እግሩም አይነቃነቅም።