«ባለ 20 ጊጋባይት» ተብሎ የተሸጠልኝ ግራፊክስ ካርድ 4 ጊጋባይት ነው

እህት ወንድሞቼ፣ የቋንቋ ሞዴል (እንደ ቻትጂፒቲ ጥያቄ የሚመልስና ጽሑፍ የሚጽፍ ፕሮግራም) ቤታችሁ ለማሠራት ኮምፒውተር ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ብራችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

አራት ኪሎ የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። የደንበኞቼ ውልና የፍርድ ቤት ሰነድ በኢንተርኔት አልፎ ሰው እጅ እንዳይገባ ስለምሰጋ፣ ሞዴሉ እዚሁ ቤቴ እንዲሠራልኝ ፈለግሁ። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ «ባለ 20 ጊጋባይት ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ነው» ብሎ 110 ሺህ ብር ተቀበለኝ። ሻጩ ፊቴ በአማርኛ ጥያቄ ጻፈ፤ መልሱ ወዲያው ተንቆረቆረ። አመንኩ።

ቤቴ ገብቼ የአንድ ገጽ የኪራይ ውል እንዲያሳጥርልኝ አዘዝኩት። ጀበናው ተጥዶ፣ ቡናው ፈልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር። ፊደሉ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ታስክ ማናጀር የሚባለውን የዊንዶውስ መቆጣጠሪያ ከፍቼ የግራፊክስ ካርዱን ማህደረ ትውስታ አየሁ። 20 የሚለው ቁጥር በእርግጥ አለ፤ ግን ድምር ነው። «ዴዲኬትድ» (የካርዱ የራሱ) የሚለው 4፣ «ሼርድ» (የጋራ) የሚለው 16። አሥራ ስድስቱ የካርዱ አይደለም፤ ካለኝ 32 ጊጋባይት ራም (የኮምፒውተሩ ዋና ማህደረ ትውስታ) ግማሹን ዊንዶውስ እንዲበደር የፈቀደለት ነው። ብድሩ ደግሞ ከካርዱ የራስ ማህደረ ትውስታ እጅግ ይዘገያል። ሞዴሉ እንዲፈጥን ደግሞ የካርዱ የራስ ማህደረ ትውስታ ውስጥ መግባት አለበት፤ ባለ 8 ቢሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ የተሠራባቸው ቁጥሮች) ሞዴል እያንዳንዱ ቁጥር በ4 ቢት ተጨምቆም ወደ 5 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ ባለ 70 ቢሊዮኑ ወደ 40። አራቱ ለትንሹም አልበቃም። አማርኛ ሲሆን ይብሳል፤ አብዛኞቹ ሞዴሎች የእኛን ቃል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ብዙ ቦታ ቆራርጠው ስለሚያነቡት መልሱ ይረዝምባቸዋል።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። «ኢንተርኔቱን አጥፋና ያንኑ ጥያቄ ጠይቅልኝ» አልኩት። አጠፋው፤ መልስ የለም። ያሳየኝ በኢንተርኔት የሚሠራ አገልግሎት ኖሯል! «ለሞዴል መጫኛ» ብሎ 6 ሺህ ብር መጨመሩ ደግሞ ከሁሉም አንገበገበኝ፤ ሞዴል ማስኬጃው ፕሮግራም ኦላማም ሆነ ሞዴሎቹ ላማ፣ ጌማና ኩዌን ማንም በነጻ የሚያወርዳቸው ናቸው።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ኢንተርኔቱን አስጠፉ፤ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ስጡትና ቆማችሁ ጠብቁ። ከድምሩ ሳይሆን «ዴዲኬትድ» ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር አንብቡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል፤ የካርዱን ሙሉ ስምና የራሱን ማህደረ ትውስታ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። የእኔ ደረሰኝ የሚለው «ኮምፒውተር፣ 1» ብቻ ነው፤ ሻጩም ብሬን አልመልስም ሲል ጣቱን የቀሰረው እሱ ላይ ነበር።