ኒኮን ዲ3500 ከ14 ወር በኋላ፦ በካኖን ሰፈር ብቻዬን

ካሜራዋን የገዛሁት ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። እጄ ስትገባ 11,200 ፎቶ ተነስቶባት ነበር። ዛሬ ቁጥሩ 26 ሺህን አልፏል። ሁለት ጥምቀት፣ አንድ ክረምት፣ ሦስት የዘመድ ሰርግ እና ስንት የቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት አንስቼባታለሁ። ስለዚህ «አሪፍ ናት ወይ?» ለሚለኝ ሰው አሁን በድፍረት መልስ አለኝ። አሪፍ ናት። ግን ጎንደር ተቀምጦ ፎቶ ሀ ብሎ ለጀመረው ለእኔ ትክክለኛዋ አልነበረችም።

እንዴት እንደመረጥኳት ልንገራችሁ። ቀን ቢሮ ውዬ ማታ ማታ ቁጥር ሳነጻጽር ነው የከረምኩት። እኔ የማውቃቸው የከተማችን ፎቶ አንሺዎች በሙሉ ካኖን ነው የያዙት። አብሮ አደጌም ካኖን 700ዲ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ 18 ሜጋ ፒክስል፣ በአንድ ቻርጅ 440 ፎቶ ገደማ የሚያነሳ። ዲ3500 ደግሞ በ2018 የወጣች ናት። 24 ሜጋ ፒክስል፣ በአንድ ቻርጅ 1,550 ፎቶ፣ ክብደቷ ከነባትሪዋ 415 ግራም። ወረቀት ላይ ፉክክርም የላቸው።

«ይህን ቁጥር እያየሁ ካኖን ልግዛ?» አልኩት።

«ቁጥሩን አንተ ብላው። ሌንስ ሲያምርህ ማን ጋ ትሄዳለህ?»

ቅናት መሰለኝ።

ያገለገለች ናት። ከአዲስ አበባ በዘመድ በኩል መጣች፤ ከ18-55 ሚሊ ሜትር ሌንሷ፣ ከቻርጀሯና ከቦርሳዋ ጋር 58 ሺህ ብር። ስንት ፎቶ እንደተነሳባት ያወቅሁት ሻጩን አምኜ አይደለም። ኒኮን ይህን ቁጥር በእያንዳንዱ የፎቶ ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል። ሻጩን «አሁን አንድ ፎቶ አንሳና ሳትነካካው በቴሌግራም ላክልኝ፤ ግን እንደ ፋይል» አልኩት። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ስለሚጨምቀው መረጃው ይጠፋል። ከዚያ ፋይሉን ቁጥር በሚያነብ ፕሮግራም ከፍቼ አየሁት። ያገለገለ ኒኮን የምትገዙ ከሆነ ይህን ሳታዩ ብር አታውጡ። ካኖን ላይ ግን በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የመጀመሪያው ቀን ያሳፍራል። እሁድ ጠዋት ፋሲል ግቢ ገባሁ። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1636 እ.ኤ.አ. ከቆረቆሩ ወዲህ ግንቡ ስንቱን አይቷል፤ እንደኔ ያለ ፎቶ አንሺ ግን ያየ አይመስለኝም። ብጫን፣ ብጫን፣ ወይ ፍንክች። አጠገቤ የቆመ ተማሪ አየኝ አየኝና «ጋሼ፣ ክዳኑን አውልቀው» አለኝ። ክዳኑማ ወልቋል! ነገሩ ወዲህ ነው፦ ይህ ሌንስ ለመያዝ እንዲመች ተጣጥፎ ይቆለፋል። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭኖ ቀለበቱን ማዞር ያስፈልጋል። ካሜራዋ ይህንኑ ስክሪኗ ላይ ጽፋልኛለች፤ እኔ ግን በዓይን ማያው አጮልቄ ግንቡን ስፈልግ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አላስቸገረችኝም። እጀታዋ ጥልቅ ስለሆነ በአንድ እጅ ትያዛለች። ባትሪዋ እንደሚባለው ነው፤ እንዲያውም በዓይን ማያው ብቻ ካነሳሁ ሁለት ሳምንት እረሳዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ጓደኛዬ ሦስት ባትሪ ይዞ ቻርጅ ፍለጋ ሲዞር እኔ እግሬን አጣምሬ ቡና እጠጣለሁ። በስክሪኑ እያያችሁ የምታነሱ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ቶሎ ትጨርሳለች። ትኩረት አያያዟም በስክሪኑ በኩል ዘገምተኛ ነው።

አሁን ወደ ጥምቀት። ፎቶ የተማርኩት እዚያ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ጥምቀት ላይ፣ ጥር 11 ቀን፣ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት እናት ጥላ ይዘው ቆመዋል። አስፈቅጄ አነሳኋቸው። «እስቲ አሳየኝ» አሉ። አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣

«ምነው ልጄ፣ ነጠላዬን ትናንት አጥቤው አልነበር?»

እውነታቸውን ነው። ወተት የመሰለው ነጠላ አመድ መስሎ ወጥቷል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ የተደቀነውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው የተሠራው። ሕዝቡ ሁሉ ነጭ በለበሰበት ቀን «ብርሃን በዛ» ብሎ ያስባል፤ ፎቶውን ያጨልማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከማንሻው አጠገብ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ቁልፍ አለች። እሷን ተጭናችሁ ጎማውን ታዞራላችሁ፤ ወደ ፕላስ 0.7 ወይም ፕላስ 1። ነጠላው ነጭ ይሆናል። ፊትም አብሮ ይፈካል።

እዚህ ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለ። ቀትር ላይ ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ በአንድ ፎቶ ማስማማት ከባድ ነው። ለፊቱ ብርሃን ስትጨምሩ የጥለቱ አጠገብ ያለው ሽመና ይቃጠላል፤ ወረቀት ይመስላል። ለነጠላው ስትቀንሱ ዓይን ይጠፋል። ሮው በሚባለው፣ ካሜራዋ ያየችውን ሳታቀናብር በምታስቀምጥበት ፋይል ማንሳት ይረዳል፤ ከጨለመው ውስጥ ብዙ ነገር መልሶ ማውጣት ይቻላል። ከተቃጠለው ግን ምንም አይመለስም። እኔ በኋላ የያዝኩት ዘዴ ሰውየውን ጥላ ውስጥ ማግኘት ነው፦ ግንብ ሥር፣ ዛፍ ሥር፣ ወይም እንደዚያች እናት ዣንጥላ ሥር። የራሱ ነጠላ ከታች ወደ ፊቱ ብርሃን ይመልስለታል። ስቱዲዮ ውስጥ ሰዎች ነጭ ሰሌዳ እየያዙ የሚያደርጉትን እኛ አገር ልብሱ በነጻ ይሠራዋል።

ለእናትየው ድጋሚ አንስቼ አሳየኋቸው። «አሁን እኔ ነኝ» አሉ።

ካሜራዋ ሌላ የጎደላት ነገር እዚያው ታየኝ። ወጣቶቹ ወደ ውኃው ሲዘሉ በ55 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሌንሷ አቅርቦ በሚያሳይበት መጨረሻ፣ የሚገኘው ጉንዳን ነው። እሺ፣ ይህ የማንኛውም ጀማሪ ሌንስ ችግር ነው። ሰው አያይዞ የገዛትን ካሜራ መውቀስ ተገቢ አይደለም። የጓደኛዬ ነገር ትዝ ያለኝ ግን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስገባ ነው።

ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ያላየ የለም። ውስጡ ግን ጨለማ ነው። ብርሃን የሚገባው በበሮቹና በመስኮቶቹ ብቻ ነው። ፍላሽ ክልክል ነው፤ ደግሞም መሆን አለበት፣ የዘመናት ቀለም ነው። 18-55ው ወደ 55 ሲቀርብ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ለብርሃን ያላትን ንቃት፣ ማለትም አይኤስኦውን፣ 6400 ሳደርሰው ሥዕሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ስቀንሰው ፎቶው ረዘም ላለ ጊዜ ብርሃን ስለሚቀበል የእጄ መንቀጥቀጥ ይታያል። የሚያስፈልገው ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ነው። ከ5.6 ጋር ሲነጻጸር ወደ አሥር እጥፍ ብርሃን ያስገባል።

ጓደኛዬ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 አለው። ስንቱ ስለሚዋሰው ስሙን በነጭ ፕላስተር ጽፎ ጎኑ ላይ ለጥፎበታል። ለእኔ ግን ጌጥ ነው። የካኖን ሌንስ ኒኮን ላይ አይገጥምም። ሲገጠም የሚዞርበት አቅጣጫ እንኳ ተቃራኒ ነው።

አኩርፌ የራሴን ፈለግሁ። አንድ ሰው ከድሮ ፊልም ካሜራው የተረፈ የኒኮን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8ዲ ሸጠልኝ። ደስ ብሎኝ ገጠምኩት። ስክሪኑ ላይ «ኤፍኢኢ» የሚሉ ፊደሎች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ተበላሸብኝ ብዬ ሁለት ቀን ተከዝኩ። ለካ ሌንሱ ላይ ያለው የአፐርቸር፣ ማለትም የቀዳዳው መጠን፣ ቀለበት 22 ላይ መሆን አለበት። አዞርኩት፤ ፎቶ ተነሳ። ፎከስ ግን ወይ ፍንክች! የዚህ ዓይነቱ ሌንስ የራሱ ሞተር የለውም፤ ሞተር ከካሜራው ይጠብቃል። ዲ3500 ደግሞ የላትም። ኤኤፍ-ኤስ ወይም ኤኤፍ-ፒ ያልተጻፈበት የኒኮን ሌንስ እሷ ላይ በእጅ ካልሆነ አያተኩርም። የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች ሞተራቸው ውስጣቸው ነው፤ እንዲህ ያለ ወጥመድ የለባቸውም። ይህን ከመግዛቴ በፊት አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ።

በእጅ ማተኮር ተለማመድኩ እንግዲህ። ፎከሱ ሲይዝ በዓይን ማያው ውስጥ ከታች በግራ በኩል አንዲት ነጥብ ትበራለች። ቀለበቱን በቀስታ እያዞርኩ ነጥቧን እጠብቃለሁ። ለግድግዳ ሥዕል ይሠራል፤ ሥዕል አይንቀሳቀስም። ልጅ ከሆነ ግን ነጥቧ ስትበራ ልጁ ሄዷል።

አቧራ ሌላው ጣጣዬ ነው። ብዙ ካሜራዎች ሲበሩና ሲጠፉ ሴንሰራቸውን፣ ማለትም ብርሃን ተቀባዩን ክፍል፣ አንቀጥቅጠው አቧራውን ያራግፋሉ። የጓደኛዬ አሮጌው 700ዲ እንኳ ያራግፋል። የእኔዋ ይህ ነገር የላትም። በጋ ላይ ቅዳሜ ገበያ መሀል ሌንስ የቀየርኩ ቀን ጥፋቱ የራሴ ነበር። ከጎሃ ኮረብታ ላይ ሆኜ ከተማዋን ሳነሳ ሰማዩ ላይ ግራጫ ነጥብ ወጣ። ኤፍ 11 እና 16 ላይ ጎልታ ትታያለች፣ ኤፍ 4 ላይ ትጠፋለች። ይህ የሴንሰር አቧራ ምልክት ነው። አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኳት። ሌንሱን አወጣና በአፉ «እፍ!» አለባት። ነጥቧ አንድ የነበረችው ሦስት ሆነች። አሁን የጎማ መንፊያ ገዝቼ ሴንሰሩን የሚጋርደውን መስታወት በሜኑ አንስቼ፣ አፏን ወደ ታች ደፍቼ ራሴ እነፋላታለሁ። ሁለቱ ለቀቁ። አንዷ አለች።

ክረምቱን በሰላም አለፈች። ሌንሶቹን ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከጫማ ካርቶን ከሰበሰብኳቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አስቀመጥኳቸው። ሻጋታ አልያዛቸውም።

ቪዲዮ የምታስቡ ከሆነ እርሷት። ማይክ መሰኪያ የላትም። ሰርግ ላይ ረዳት ሁን ተብዬ ሁለት ጊዜ የቀረሁት በዚህ ነው። ወደ ስልክ የምትልከው በብሉቱዝ ነው፤ 2 ሜጋ ፒክስል አድርጋ አሳንሳ። ለቴሌግራም ይበቃል፤ «አሁኑኑ ላክልኝ» ባዩን ሰው ዝም ያሰኛል። ደግሞ ኒኮን ይህችን ሞዴል ማምረት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ የምታገኟት ያገለገለች ናት።

ብቻውን ለሚያነሳ ሰው፣ ለተጓዥ፣ አንድ ሌንስ ይዞ ለሚኖር ሰው ዛሬም እመርጣታለሁ። በዚህ ክብደትና በዚህ ባትሪ የፎቶዋ ጥራት ያስደንቃል። እኔ ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ሌንስ፣ ባትሪና ምክር የሞላው ጓደኛ አጠገቤ ነበር፤ የማይገጥም ዕቃ የገዛሁት እኔው ነኝ።

ባለፈው መስከረም የአክስቴ ልጅ «የትኛውን ልግዛ?» ብላ መጣች። ሠንጠረዤን አላሳየኋትም። ጓደኛዬ ቤት ወሰድኳት። በወሩ ያገለገለ 700ዲ ገዛች። ከእኔዋ በዕድሜ ያረጀ፣ በሜጋ ፒክስል ያነሰ።

የዘንድሮ ጥምቀት ሰሞን አብረን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገባን። በሩ አጠገብ፣ ከውጭ የሚገባው ብርሃን ላይ፣ አንድ ትንሽ ዲያቆን ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል። ቀለበቴን ማዞር ጀመርኩ። ነጥቧ ልትበራ ስትል ልጁ ዞሮ ወጣ።

«ያዝኩት!» አለች ከኋላዬ በሹክሹክታ።

ዞር ብዬ አየኋት። ሌንሷ ጎን ላይ ነጭ ፕላስተር አለ።