ጠፍቶ ያስቀጣኝ የጣሪያ መብራት

የዛሬ ዓመት ገደማ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከሎስ አንጀለስ ተነስተን በ15 ቁጥር ፍሪዌይ ወደ ሞሃቪ በረሃ ስንጓዝ፣ ባርስቶው የምትባለውን ከተማ እንዳለፍን አንድ የትራፊክ ፖሊስ ከኋላዬ መጥቶ አስቆመኝ። ፍጥነቴ ልክ ነበር፤ ቀበቶዬን አስሬያለሁ፤ ፀሐይም ከወጣች ቆይታለች። ፖሊሱ መንጃ ፈቃዴን ከተቀበለኝ በኋላ በጣቱ መኪናዬ ጣሪያ ላይ ወደተገጠመው ተጨማሪ መብራት አመለከተና «ክዳኑ የት አለ?» ሲል ጠየቀኝ። መብራቱ እንዳልበራ ነገርኩት። እንዳልበራ እሱም እንደሚያይ፣ ጥያቄው ግን ስለ ክዳኑ መሆኑን መለሰልኝና ቲኬቱን ጻፈ። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እስከ ቀጣዩዋ ከተማ ቤከር ያለውን 60 ማይል ያህል መንገድ በዝምታ ጨረስነው።

መብራቱን ከገዛሁት 14 ወር ሆኖታል። 50 ኢንች ርዝመት ያለው፣ በመጠኑ የተቆለመመ የኤልኢዲ መብራት ሲሆን፣ በቶዮታ ፎርረነሬ ጣሪያ ላይ ከፊት መስታወቱ ከፍ ብሎ ተገጥሟል። ለዕቃው 289 ዶላር፣ ለመግጠሚያው ደግሞ 250 ዶላር ከፈልኩ። ለምን ገዛኸው ለሚለኝ ሰው የምሰጠው መልስ የሚያኮራ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ደሴ ላይ፣ በፖርቶመጋላው ላይ አራት ክብ መብራት የደረደረ ላንድክሩዘር ሲያልፍ ጨዋታችንን አቋርጠን ከዓይናችን እስኪሰወር የምናይ ልጆች ነበርን። በሃምሳ ዓመቴ ያንን ምኞት በዱቤ ካርድ ተወጣሁት።

የሸጠልኝም የገጠመልኝም አንድ ወጣት ያገራችን ልጅ ነው፤ ስሙንም ጋራዡንም አልጠቅስም። ሲገጥምልኝ ሕጉስ ምን ይላል ብዬ ጠይቄው ነበር። «ጋሼ፣ ካላበሩት ማን ይጠይቅዎታል?» አለኝ። መልሱ ለምኞቴ ስለተመቸኝ ሌላ ሳልጠይቅ አመንኩት። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን ያ ወጣት በሌለበት ስንት ጊዜ እንደተከራከርኩት አላውቅም፤ ብዙውን ጊዜ የማሸንፈው ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ነው።

ከበረሃው ስመለስ የካሊፎርኒያን የተሽከርካሪ ሕግ ፈልጌ አነበብኩ። ክፍል 24411 አጭር ነው፤ ከሻይ በፊት ተነብቦ ያልቃል። አንድ መኪና ከአውራ ጎዳና ውጪ ለሚነዳበት ጊዜ እስከ 8 ተጨማሪ መብራት እንዲገጠምለት ይፈቅዳል። መብራቶቹ ከመሬት ከ16 ኢንች ማነስ፣ ከተሳፋሪ ክፍሉ ጣሪያም ከ12 ኢንች በላይ ከፍ ማለት የለባቸውም፤ ወደ ኋላም ከሾፌሩ መቀመጫ 40 ኢንች አልፈው መገጠም አይችሉም። እስከዚህ ድረስ የእኔው ምንም አልጎደለውም። ቀጥሎ ግን መኪናው በአውራ ጎዳና ላይ በሚነዳበት ጊዜ ሁሉ መብራቶቹ ብርሃን በማያሳልፍ ክዳን መሸፈን «እና» መጥፋት እንዳለባቸው ይናገራል። ሻጬ «ወይም» አድርጎ የነገረኝ ቃል ይህ ነው። ሕግ አውጪው ለምን ሁለቱንም እንደፈለገ ሳስበው ምክንያቱ የሚገባኝ ይመስለኛል፤ መብራቱ በርቶ ነበር አልበራም የሚለው ክርክር ማታ መንገድ ዳር አያልቅም፣ ክዳን ግን ከሩቅ ይታያል።

ሕጉን ማንበቤ ሌላም ጉድ አሳየኝ። ያው ክፍል የእነዚህ መብራቶች ሽቦ ከሌሎቹ የመኪናው መብራቶች መስመር ሁሉ ተለይቶ ለብቻው እንዲዘረጋ ያዛል። የእኔው ገጣሚ ግን ሪሌውን፣ ማለትም ለጣሪያው መብራት ኃይል የሚለቀውን መቀያየሪያ፣ የሚቀሰቅሰውን ሽቦ ከረጅሙ መብራት ላይ ነበር የጠለፈው። ይህንንም እንደ ጥበብ አድርጎ ነበር ያስረዳኝ፤ ማብሪያው ክፍት ከሆነ ረጅሙን መብራት ስሰጥ የጣሪያውም አብሮ ይበራል፣ ወደ አጭሩ ስመልስ አብሮ ይጠፋል። ቲኬቱ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሌሊት ከበረሃ ስመለስ ማብሪያውን ሳልዘጋ ረስቼ፣ በጠባብ የአስፋልት መንገድ ላይ ከፊቴ ለሚመጣ መኪና ረጅም መብራት ብልጭ አደረግሁ። ያን ጊዜ የተለቀቀው ብርሃን ለእኔም አስደንጋጭ ነበር፤ የዚያ ሰው መኪና ወደ መንገዱ ጠርዝ ስታዘነብል አይቻለሁ። ደግነቱ ተመልሳ መስመሯን ያዘች። ስለ ክዳኑ የፈለግሁትን ያህል ባማርር፣ ስለ ሽቦው ግን ሕጉን የምወቅስበት አፍ የለኝም።

ሌላ የመኪና ኤሌክትሪሲስት 120 ዶላር ተቀብሎ መስመሩን ለየልኝ። ፊዩዙንም ወደ ባትሪው አስጠጋው፤ ፊዩዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ ከባትሪው በራቀ ቁጥር ሳይጠበቅ የሚቀረው ሽቦ ይረዝማል። መብራቱ 240 ዋት የሚስብ ስለሆነ በዚያ መስመር የሚያልፈው ወደ 18 አምፔር ይጠጋል፤ ቀልድ የሚፈቅድ አይደለም። ክዳኑ 42 ዶላር ነበር። ቲኬቱ ጉድለቱን አስተካክሎ በማሳየት የሚሰረዝ ዓይነት ስለነበር፣ መስተካከሉን ፖሊስ አይቶ ፈረመልኝና ለፍርድ ቤቱ 25 ዶላር ከፍዬ ተገላገልኩ። ሁሉም ሲደመር የ289 ዶላሩ መብራት 726 ዶላር ሆነ ማለት ነው።

ክዳኑ መጣና ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ሁለት ጥቁር ፕላስቲክ ሲሆን በመብራቱ ጠርዝ ላይ ጠቅ ብሎ ይገባል። እኔ ቁመቴ አጭር ነው፤ ለማውጣትም ለመመለስም ጎማው ላይ ቆሜ አንድ እጄን ፖርቶመጋላው ላይ መያዝ አለብኝ። ከሁሉ የከፋው ግን የት ላይ እንደማወጣው መወሰን ነው። አስፋልቱ ካለቀ አውራ ጎዳናውም ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ሕጉ ግን አውራ ጎዳና ብሎ የሚተረጉመው በመንግሥት የሚጠገን፣ ሕዝብም በተሽከርካሪ የሚጠቀምበትን መንገድ ሁሉ ነው፤ ስለ አስፋልት አንድም ቃል የለውም። ግሬደር የሚያስተካክለው የጠጠር መንገድ፣ ሰው በሌለበት በረሃ መካከል ቢሆንም፣ እንደ ፍሪዌዩ ሁሉ አውራ ጎዳና ሊባል ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ መብራቱን ከልብ በምፈልግበት ቦታ ክዳኑን ላውጣ አላውጣ እያልኩ በጨለማ የምቆም ሰው ሆኛለሁ።

በየካቲት ደግሞ የባለቤቴ ቦርሳ ማብሪያውን ነክቶት ኖሮ፣ በጠራራ ፀሐይ ክዳኑ ሳይወጣ መብራቱ በርቶ ለአርባ ደቂቃ ያህል ተጓዝን። ብርሃኑ ስለተሸፈነ ምንም አልታየንም፤ ያስታወቀን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነው። ወርጄ ሳየው ግራው ክዳን መሃሉ ላይ እንደ ሰም ለስልሶ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። የክዳኑን ማሸጊያ ካርቶን ቤት ስመለስ አገላብጬ ሳነበው ማስጠንቀቂያው በደቃቅ ፊደል ተጽፎበት አገኘሁት። አሁን ማብሪያው ላይ የሚከደን መከለያ አስገጥሜያለሁ። ክዳን ላይ ክዳን ማለት ነው።

ስለ ብርሃኑ ራሱ ካልተናገርኩ ግምገማ አይባልምና ልናገር። በጠራ አየር፣ ብቻዬን ስሆን፣ ሜዳ ላይ በጣም ያበራል፤ ውሃም አልገባበትም። ነገር ግን በሞሃቪ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ታላቅ ወዳጄ በታኮማ ፒክአፓቸው ከፊት ሲመሩ የሚያስነሱት አቧራ ላይ የጣሪያው ብርሃን ሲያርፍ፣ ከፊቴ ነጭ አንሶላ የተሰጣ ይመስላል። መብራቱ ከዓይኔ ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ስላለ አቧራው ብርሃኑን መልሶ የሚልከው በቀጥታ ወደ እኔ ነው። የመኪናዬም ኮፈን ነጭ በመሆኑ ያበራል፤ ዓይኔ በቅርቡ ነጸብራቅ እየተሳበ ሩቁን ማየት ይሳነዋል።

ይህን ሻጩ ባይነግረኝ እፈርድበታለሁ እንጂ አልደነቅም፤ ያስደነቀኝ የጥላው ጉዳይ ነው። ዝቅ ብሎ የተገጠመ መብራት በእያንዳንዱ ድንጋይና ጉድጓድ ላይ ረጅም ጥላ ስለሚጥል፣ ሾፌሩ ጥላውን አይቶ ጉድጓዱን ያውቃል። ከጣሪያ የሚመጣ ብርሃን ግን ጥላውን ከዕቃው ጀርባ ይደብቀዋል፤ ጎርፍ የቦረቦረው መንገድ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ይመስላል። አንድ ሌሊት ጉልበት የሚውጥ ቦይ ውስጥ የገባሁት መብራቱ ሁሉ በርቶ ሳለ ነው። ከፊት የነበሩት ወዳጄ «አንተ ልጅ፣ ይህ ሁሉ ብርሃን ለማን ነው?» አሉኝ፤ ከእሳቸው አምስት ዓመት ብቻ ነው የማንሰው።

መብራቱ በፍሪዌይ ላይ ነፋስ ሲመታው ያፏጭ የነበረውን ድምፅ በጀርባው ባሉት የብረት ክንፎች መካከል ጎማ በመሰካት አስታግሼዋለሁ፤ እሱ ቀላሉ ነው።

የሚያናድደኝ የሚያስፈልገኝ ነገር በዚያው ሕግ ውስጥ ተጽፎ መገኘቱ ነው። ክፍል 24402 ከ16 እስከ 42 ኢንች ከፍታ ላይ ከፊት የሚገጠሙ ሁለት ረዳት መብራቶችን ይፈቅዳል፤ ከአጭሩ መብራት ጋር ማብራት አይቻልም እንጂ ከረጅሙ ጋር በአውራ ጎዳና ላይም ይበራሉ። ዝቅ ብለው ስለሚገጠሙ ጥላ ይጥላሉ፣ ኮፈን ላይ አያበሩም፣ አቧራውንም ከዓይን ሥር ነው የሚያገኙት። እንደ ጣሪያው መብራት የክዳን ግዴታም የለባቸውም። ያ ወጣት ሁለቱን ቢሸጥልኝ ኖሮ ያተርፍብኝ የነበረው ከዚህ ብዙ አያንስም ነበር፤ ዛሬም ደንበኛው እሆን ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬም አላወረድኩትም። ባለቤቴ እንድሸጠው ሁለት ጊዜ መክራኛለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ገዢ ፎቶ ሲጠይቀኝ መኪናዬን ግቢ አቁሜ ፎቶ አነሳሁና ሳልልከው ቀረሁ። የደሴው ልጅ ገና አልጠገበም መሰለኝ። ለማንም ሰው ግን ግዛ አልለውም። በዚህ ሳምንት በሰረጎደው ክዳን ምትክ ሌላ 42 ዶላር ከፍዬ አዲስ አዝዣለሁ፤ ያሮጌው ቀኝ ግማሽ አሁንም ደህና ስለሆነ ከባለቤቴ መቀመጫ ሥር አስቀምጬዋለሁ።