የትኛው የቤዝ ዲስቶርሽን ፔዳል ከሥር ያለውን ድምፅ አይበላም?

ለቤዝ ዲስቶርሽን ፔዳል፣ ማለትም ድምፅን የሚያሻክር በእግር የሚረገጥ ሳጥን፣ ሲመረጥ ጆሮ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሻካራነቱ ነው። መሰማት ያለበት ግን ፔዳሉ ሲበራ ከሥር ምን እንደቀረ ነው። የባለ አራት ክር ቤዝ ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) አካባቢ ነው፤ የባለ አምስት ክሩ ቢ ደግሞ ወደ 31 ይወርዳል። ለሊድ ጊታር የተሠሩ ፔዳሎች ለዚህ ሰፈር ግድ የላቸውም። ቲዩብ ስክሪመር የሚባለውን የጊታር ፔዳል ብንወስድ ከ720 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ የሚያጎላው ከላይኛው ባነሰ መጠን ነው። ጊታሩ ከባንዱ መሃል ጥርት ብሎ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቤዝ ላይ ሲሰካ ግን ብቻውን ደስ ይላል፣ ከበሮው ሲገባ ቤዙ የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ብሌንድ የሚባለው ማዞሪያ ነው፤ ንጹሁንና የሻከረውን ድምፅ ጎን ለጎን አስኪዶ ይቀላቅላል። ጥቅሙ ወፍራሙን ድምፅ ማትረፍ ብቻ አይደለም። ዲስቶርሽን የጣትን ጥንካሬና ልስላሴ ጨፍልቆ አንድ ያደርጋል። በቺክቺካ ምት ላይ ቤዙ ከኪኩ፣ በእግር ከሚመታው ትልቅ ከበሮ፣ ጋር ካልተነጋገረ ዘፈኑ ይከብዳል፤ የኖታው መነሻ ከተጨፈለቀ አንዱ ኖታ በሌላው ላይ ይፈስሳል። ንጹሁ ድምፅ ከሥር ካለ መነሻው ይተርፋል።

በዚህ መለኪያ ከሁሉ በፊት የምናስቀምጠው የቴክ 21ን ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር ዲአይ ነው። ትልቁ ምክንያት እኛ አገር ቤዝ የሚጫወትበት ሁኔታ ነው፤ በብዙ አዳራሽና መድረክ የቤዝ አምፕ የለም፣ ገመዱ በቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ይገባል። የቤዝ አምፕ ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን በአብዛኛው አያወጣም፤ የአዳራሹ ስፒከር ግን ቀጭኑን ሁሉ ያወጣዋል። ተራ ዲስቶርሽን በቀጥታ ሲገባ ንብ የገባበት የሚመስለው ለዚህ ነው። ሳንስአምፕ የአምፕንና የስፒከርን ባሕርይ ራሱ አስመስሎ ስለሚሰጥ ጩኸቱ አይወጣም። ወደ ሚክሰር የሚሰካ ኤክስኤልአር መውጫ አለው፤ ባትሪ ሲያልቅም ፋንተም ፓወር በሚባለው፣ ከሚክሰሩ በዚያው ገመድ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ይሠራል።

አስተካከሉ ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ቤዝና ትሬብሉን መሃል ላይ አድርጎ ብሌንዱን እስከ መጨረሻው መክፈት፤ ድራይቩን፣ የሻካራነቱን መጠን የሚወስነውን ማዞሪያ፣ ከዜሮ ቀስ እያሉ ማዞርና ክሩ በኃይል ሲመታ የሚሻክርበት፣ በለስላሳ ሲነካ ንጹህ የሚሆንበት ቦታ ላይ ማቆም። ብዙ ጊዜ ከሩብ ብዙም አይርቅም። ከዚያ ወፍራሙ ድምፅ እስኪጸና ድረስ ብሌንዱን መመለስ። ፕረዘንስ፣ የቀጭኑ ድምፅ ማዞሪያ፣ መጨረሻ ላይ ይነካል፤ ከእኩሌታ ካለፈ የጣት ፍትጊያና የፍሬት ኳኳታ ይወጣል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ሌቭሉን ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ እኩል እንዲጮህ ማድረግ፤ ጎላ ያለ ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል ያለዚህ ፍርድ መስጠት አይቻልም። ከባንድ ጋር ደግሞ ሻካራነቱን ለብቻ ሲጫወቱ ከሚጥመው ትንሽ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ጊታሩና ሲምባሉ ግማሹን ይሸፍኑታል።

የመጀመሪያው ሞዴል እውነተኛ ጉድለት አለበት፤ መሃለኛውን ድምፅ ይቀንሳል፣ የሚያስተካክልበት ማዞሪያም የለውም። ሁለተኛው ሞዴል፣ ቪ2፣ ሚድ የሚባል የመሃለኛው ድምፅ ማዞሪያ ጨምሮ በ500ና በ1000 ኸርዝ መካከል ማማረጫ አድርጎለታል፤ ቤዙም በ40ና በ80 መካከል ይመረጣል። ለአብዛኛው አዳራሽ 80ውን እንመክራለን። 40 ኸርዝ ላይ መጨመር የስፒከሩን ጉልበት ይበላል፣ ከኪኩም ጋር ያጋጫል። ሚዱን 500 ላይ ትንሽ ከፍ ማድረግ ቤዙን ከኪቦርዱ ሥር ያወጣዋል። ገንዘብ ለሚያንሰው ቤሪንገር ቢዲአይ21 አለ፤ አሠራሩ የመጀመሪያውን ሳንስአምፕ ይመስላል፣ ያንኑ የመሃል ጉድለት ጨምሮ። ሳጥኑ ፕላስቲክ ስለሆነ መድረክ ላይ በኃይል ሳይሆን በልክ መረገጥ ይፈልጋል።

የፊንላንዱ ዳርክግላስ ማይክሮቲዩብስ ቢ3ኬ ሌላ ዓለም ነው። ለጠንካራ ሮክና ለፒክ አጨዋወት ከዚህ የሚበልጥ ጥርት ያለ ሻካራነት ማግኘት ይከብዳል። ግራንት የሚባለው ባለ ሦስት ቦታ ማብሪያ ምን ያህል ወፍራም ድምፅ እንደሚሻክር ይወስናል፤ አታክ የሚባለው ደግሞ ቀጭኑን። ግራንቱን ዝቅ አድርጎ ወፍራሙን ለብሌንድ መተው የተሻለ ነው፤ ከፍ ሲል ድምፁ ሰፊ ይመስላል፣ ፈጣን ሐረግ ላይ ግን ይጨማለቃል። በባትሪ አይሠራም። ለስላሳ ትዝታ ለሚጫወት ሰው ግን ያለ ቦታው የወጣ ገንዘብ ነው።

ቦስ ኦዲቢ-3 በዋጋውም በጥንካሬውም አይታማም፣ ባላንስ በሚል ስም ብሌንድም አለው። ጌይኑ (የሻካራነቱ መጠን) ገና ከሩብ ሲያልፍ የሚወጣው ቀጭን ፍጭት ግን ሃይ የሚባለውን የቀጭን ድምፅ ማዞሪያ በጣም ካልቀነሱት አይለቅም። የኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ ቤዝ ቢግ መፍ በተቃራኒው ወፍራምና ረጅም ነው፤ ሆኖም የቶን ክፍሉ 1000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ስለሚቀንስ ሁለት ጊታር ባለበት ባንድ ውስጥ ይሰጥማል። ማብሪያው ድራይ ላይ ሲሆን ንጹህ ድምፅ ይቀላቅላል፣ የንጹሁን መጠን ለብቻው የሚለውጥ ማዞሪያ ግን የለውም።

ራት የሚባለው የፕሮኮ ዲስቶርሽን ፔዳል ያለው ሰው አዲስ ከመግዛቱ በፊት ቦስ ኤልኤስ-2ን፣ ድምፅን በሁለት መንገድ ከፍሎ የሚቀላቅለውን ፔዳል፣ ይሞክር። ራቱን በኤ መንገድ ላይ ሰክቶ፣ ቢ ላይ ንጹሁን ትቶ፣ ሁለቱን በሚቀላቅለው አቀማመጥ ላይ ማድረግ ብቻ ነው። የራቱ ፊልተር በግልባጭ እንደሚሠራ አይረሳ፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ድምፁ ይጨልማል። በዚህ መንገድ ሌላ ፔዳል ሲቀላቀል ቤዙ ከሁለቱም መንገዶች ለየብቻ ካለው ይልቅ ቢቀጥን ፔዳሉ የድምፁን ሞገድ አቅጣጫ (ፌዝ) ገልብጧል ማለት ነው፤ ሁለቱ ድምፆች እርስ በርስ እየተጠፋፉ ስለሆነ በማዞሪያ አይስተካከልም፣ ፔዳሉን መለወጥ ነው።

በፔዳል ከሚመካኙት ችግሮች ብዙዎቹ የሌላ ናቸው። አክቲቭ ቤዝ ውስጥ ያለው ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሲደክም ቤዙ ራሱ ይሻክራል፤ ኬብሉ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ሲያልቅ ያድራል። ኮምፕረሰር፣ ጎላ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርበው ፔዳል፣ ከዲስቶርሽን በፊት ይሰካ፣ በኋላ ከሆነ ሽሽታውን አንሥቶ ያመጣዋል። በኦክቴቭ ዝቅ ወይም ከፍ ያለ ድምፅ የሚጨምረው የኦክቴቭ ፔዳልም በፊት፤ የሻከረ ድምፅ ኖታውን እንዳይለይ ያደርገዋል። ብዙ ፔዳል በአንድ አዳፕተር ሲቀጠል የሚመጣው ፉጨት መውጫዎቹ እርስ በርስ በተነጠሉ ፓወር ሰፕላይ ይጠፋል።

አዳፕተሩ 9 ቮልት ዲሲ፣ መሃሉ ኔጋቲቭ መሆን አለበት። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት መባሉ ይነበብ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል። ያገለገለ ፔዳል ሲገዛ ድምፅ እየወጣ እያንዳንዱ ማዞሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዙር፤ ክርክር የሚለው በማጽጃ ስፕሬይ ብዙ ጊዜ ይድናል፣ ድምፁን ጭራሽ የሚቆርጠው ግን መለዋወጫ ይፈልጋል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀነስ።